ለጾመኛ የቀመስሁት ዶቅማ

ዶቅማ የሚሉት የዱር ፍሬ ሲፈላ መጀመሪያ የሚሸተው እንደ እርጥብ ቅጠል ነው። ስኳር ሲገባበት ሽታው ይወፍርና ከልብስ ጋር ይጣበቃል። ትናንት ያ ሽታ ከማድቤት መጥቶ ከተቀመጥሁበት አገኘኝ። ሄጄ የእንጨት ማንኪያውን ባየው እስከ እጀታው ወይን ጠጅ ሆኗል። ምን ልበላችሁ፣ ዘጠኝ ዓመት ሆኖኝ ቆምሁ።

ዘመኑ የደርግ ነው፤ የምንኖረውም ባሕር ዳር፣ ዓባይ ማዶ ነበር። እናቴ ፋብሪካ ትሠራለች፤ ፈረቃዋ ሲደርስ እኔን ጎረቤት ትታኝ ትሄዳለች። ጎረቤታችን ሙስሊም ሴት ነበሩ፤ ባላቸው ወረታና ባሕር ዳር እየተመላለሱ ጨርቅ ይነግዳሉ።

ሰፈሩ «ዳኛዋ» ይለኝ ነበር። ስሙ የወጣልኝ ከኅብረት ሱቅ ሰልፍ ላይ ነው። ስኳር ያኔ በራሽን ነበር። አንድ ቀን መዛኙ የጎረቤታችንን ስኳር የሚዛኑ መርፌ ሳይረጋ ብድግ አደረገው።

«መርፌው ሳይቆም አነሱት! ይመልሱት!» ብዬ ጮህሁ።

ሰልፈኛው ሳቀ፣ መዛኙ ተቆጣ፣ እኔ የባንኮኒውን ጫፍ ይዤ አልላቀቅም አልሁ። መልሶ ሲመዝነው ጎድሎ ተገኘ። ጎረቤታችን መንገዱን ሙሉ እየሳቁ፣ «ይቺ ልጅ ከፍርድ ቤት አምልጣ ነው የመጣችው» አሉ።

ያ ስኳር የረመዳን ስኳር ነበር። ግማሹን በጣሳ ከድነው ቁም ሳጥን ላይ ሰቀሉት። «ይሄ የኢድ ሻይ ነው፤ እንግዳ ፊት አላፍርም» አሉ። የቀረው ግማሽ ለዶቅማው ሆነ።

ዶቅማውን ከወንዙ ዳር በቅርጫት ለቅመን መጣን። አሠራሩን የተማሩት ጎርጎራ ለጣልያኖች ያበስሉ ከነበሩት እናታቸው ነው፤ ስሙንም ማርማላታ ይሉታል። ውኃ ጠብ አድርገውበት ከሰል ላይ ጣዱት። ሲፈነዳ በማንኪያ ጨፈለቁት፤ በወንፊት አጥልለው ዘሩን ጣሉና ጭማቂውን መልሰው ጣዱት። ከዚያ በኋላ ሎሚና ስኳር ነው፤ ልኩም የሚገኘው እየተቀመሰ ነው። እሳቸው ደግሞ ጾመኛ ናቸው። ቀምሰው የሚተፉ ሴቶች አሉ ይባላል፤ እሳቸው ግን ከንፈራቸውን አያስነኩም።

«ዛሬ ምላሴ አንቺ ነሽ» አሉኝ። «ሲበቃ በቃ፣ ሳይበቃ ገና ነው በይኝ። ዳኛ አይደለሽ?»

የመጀመሪያው ማንኪያ ጎምዛዛ ነበር፤ ምላስ ያደርቃል። «ገና ነው» አልሁ። ሁለተኛውም ገና ነበር። ሦስተኛው ልክ ሆነ። ያን ልክ እስካሁን አልረሳሁትም። ግን በቃ ካልሁ ማንኪያው አይመለስም። እንዲያ ያለ ነገር ደግሞ በማንኪያ ልሼ አላውቅም።

«ገና ነው» አልሁ።

ሳህኑ ላይ የነበረው ስኳር አለቀ። ጎረቤታችን አዩኝ።

«እውነትሽን ነው?»

«ይጎመዝዛል፣ እትዬ።»

ጣሳውን አወረዱ። ክዳኑ ጥብቅ ስለነበር በቢላ ጫፍ ፈለቀቁት። የኢድ ሻይ መሆኑን አውቃለሁ። ጨመሩ፤ ቀመስሁ፤ ገና ነው አልሁ። እንደገና ጨመሩ። በቃ ያልሁት የጣሳው ቂጥ ሲታይ ነው።

ፀሐይ ወደ ሐይቁ ገባች፤ አዛን ተሰማ። በቴምር አፈጠሩና ማርማላታውን ዳቦ ላይ ቀብተው ጎረሱ። ማኘካቸውን አቆሙ።

«እስቲ ምላስሽን አሳዪኝ።»

አወጣሁት። ትንሽ አዩት።

«ሲሠራ ነው የዋለው» አሉና መብላታቸውን ቀጠሉ።

ቁጣውን በማግሥቱ ጠበቅሁ፤ አልመጣም። ለእናቴ ይነግራሉ ብዬ ጠበቅሁ፤ አልነገሩም። እስከ ኢድ ድረስ ያን ጣሳ ቀና ብዬ አላየሁም።

በኢድ ቤቱ በእንግዳ ሞላ። ሻዩ ያለ ስኳር ተቀዳ፤ ጎረቤታችን በየብርጭቆው አንዳንድ ማንኪያ ማርማላታ ጨመሩበት። ሻዩ ጠቆረ። ከወረታ የመጡት የባላቸው ወንድም ብርጭቆውን ወደ ብርሃን አነሱና፣ «እኛ አገር ሻይ እንጂ ቀለም አይጠጣም» አሉ።

«እናንተ አገር ዶቅማ ሲኖር እንነጋገራለን» አሉ ጎረቤታችን። ሁሉም ሳቀ። እሳቸው ሲስቁ ግን ጆሯቸው ሥር ቀልቶ አየሁ። እንግዳ ፊት አላፍርም ያሉት ሴት ናቸው።

ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «ለዳኛዋም ስጧት፤ የቀመሰችልኝ እሷ ናት።»

ብርጭቆውን ያዝሁ። «እትዬ፣ ስኳሩ...» አልሁ።

«ዛሬ በዓል ነው፤ ጠጪ» አሉኝ።

ጠጣሁ። ከዚያ ወዲያ ነገሩን አንስቼው አላውቅም፤ እሳቸውም አላነሱት። ጥቂት ቆይተው ጠቅልለው ወረታ ገቡ። እኔም አገባሁ፣ ወለድሁ፣ ባጎደለ ሰው ላይ እየጮህሁ ኖርሁ። መሞታቸውን የሰማሁት ዘግይቼ ነው። ለቅሶ ልደርስ ስሄድ ስኳር ይዤ ሄድሁ። ልጃቸው ተቀበለችኝና ሌላው ለቅሶ ደራሽ ካመጣው ስኳር ጋር ደረበችው። የምን እንደሆነ አልነገርኋትም።

እኔ ቤት ዳቦ እኩል ሳይቆረስ አይበላም፤ ይህን ልጆቼም የልጅ ልጆቼም ያውቃሉ። አሁን ሐኪም ስኳር ከልክሎኛል። ትናንት ድስቱ አጠገብ የቆመችው የልጅ ልጄ ናት፤ የምትቀምስልኝም እሷ።

«በቃ ወይ?» አልኋት።

ማንኪያውን አገላብጣ ላሰችው። ስትናገር ምላሷ ታየኝ፤ ከያኔው የእኔ ምላስ አይለይም።

«ገና ነው፣ እማማ።»

የስኳሩን ዕቃ ገፋ አደረግሁላት።