ጨው የበዛበት ፓፓድ

ሕንድ አገር፣ ዳርዋድ ከተማ ስማር የተከራየሁት አካ ሱናንዳ ቤት ነበር። ሰፈሩ ሁሉ ታላቅ እህቱ አድርጎ «አካ» ይላቸዋል።

በዚያ በጋ አካን የያዛቸው ጭንቀት ፓፓድ፣ በፀሐይ ደርቆ ኋላ ተጠብሶ የሚበላው ስስ ቂጣ፣ ነበር። ከዓመት በፊት ለልጃቸው አማት የላኩት የምስር ፓፓድ በደንብ ሳይደርቅ ቀርቶ ሻግቶ ደረሰና፣ ሴትዮዋ ሰርግ ቤት ውስጥ አንስተው ሳቁበት። ሁለተኛ እንዳይሳቅባቸው ሊጡን እንደ ወረቀት አሳስተው ዳመጡና ጠፍጣፋው ጣሪያ ላይ አሰጡት። ከዚያ ጎረቤታችን ወደሆኑት የዜማ መምህር፣ ወደ ጉሩጂ ባሳቫራጅ ሄዱ፤ ፓፓዱ እስኪደርቅ ራጋ ከሚሏቸው ዜማዎች የዝናቡን እንዳያነሱ ለመኗቸው። እሱ ከተዘፈነ ዳመና አይቀርም ብለው ያምናሉ። ጉሩጂ ሳቁ፤ ድምፄ ዝናብ የሚያመጣ ቢሆን ገበሬው በትከሻው ተሸክሞኝ በሄደ ነበር አሉ። ቃላቸውን ግን ሰጡ።

ሰማዩም አልጠቆረም። ከሰዓት በኋላ ጉሩጂ ቤታቸው ሆነው በዚያ ሰዓት የሚዘፈነውን ራጋ፣ ቢምፓላሲን፣ ጀመሩ። ድምፃቸው አንዲት ኖታ አጠገብ ይደርስና ሳይረግጣት ይመለሳል፤ ደግሞ ይጠጋታል። ልብስ ላሰጣ ጣሪያው ላይ ብወጣ፣ ጦጣ ሊጠብቁ በትር ይዘው የተቀመጡት አካ ዓይናቸውን ጨፍነዋል። እንባቸው ይወርዳል፣ ከንፈራቸው ፈገግ ብሏል። ከኋላቸው አንዲት ጦጣ ከነልጇ ፓፓዱን ትቀረጥፋለች።

ስጮህ ባነኑ። ፓፓዱ ተጋምሷል። ጉሩጂ እየሮጡ መጥተው የዝናቡን አለመዝፈናቸውን ይምላሉ።

«የርስዎስ ከዝናቡም ባሰ» አሉ አካ፣ በሳሪያቸው ጫፍ ዓይናቸውን እየጠረጉ። «ምን አደረጉኝ? ማንም አልሞተብኝ፣ ያስታወስኩትም ነገር የለ። ዝም ብሎ ሆዴን አባባው። ደግሞ እኮ ደስ ይላል።»

«እኔም አላውቅም፣ አካ። ስዘፍነው አረጀሁ፤ ዛሬም ያባባኛል።»

«እንግዲያው ነገ ሌላ ሊጥ እዳምጣለሁ። እርስዎ እዚሁ ጣሪያው ላይ ይዘፍናሉ፣ በትሩም የርስዎ ነው። ዓይንዎን ቢጨፍኑም አፍዎ ጦጣ ያባርራል።»

በማግስቱ አካ እንባቸው ጠብ ጠብ እያለ ሊጡን ሲዳምጡ ጉሩጂ ዘፈኑ፤ ሲሰጣም ዘፈኑ። ጦጣዎቹ አጥሩ ላይ ተደርድረው ቀሩ። አካ የጦጣዎቹ ሆድ ባብቶ ነው አሉ፤ ጉሩጂ በትሩን ፈርተው ነው አሉ።

ፓፓዱ ደርቆ ተላከ። አማትየዋ ዘንድሮስ ሸጋ ነው፣ ጨው ግን በዝቶበታል ብለው ላኩ።

አካ መልእክቱን ሲሰሙ ወደ ጉሩጂ ዞሩ።

«ይኸው» አሉ፣ «እኔ ጨው የጨመርኩት እንደ ወትሮዬ ነው። የቀረውን እርስዎ ያውቃሉ።»