ዋጋው የማይቀነስ ፈተና

የሌላው ሰው የስደት ወሬ ሁልጊዜ በሌሊት ይጀምራል። እኛ ከደብረ ታቦር የወጣነው በገበያ ቀን፣ ረፋዱ ላይ፣ ሰው ሁሉ እያየን ነው። ሻንጣችን ሚኒባስ ላይ ሲጫን የነጭ ሽንኩርት ደንበኞቼ ከበቡኝ፤ ግማሾቹ ሊመርቁኝ፣ ግማሾቹ የገበያ ቦታዬን ማን እንደሚይዘው ሊጠይቁኝ። «እኔን ተዉኝ» አልኳቸው። «እኔ ሻንጣ ነኝ። የምትሄደው ዘይነባ ናት።»

እውነቴን ነበር። ባለቤቴ ዘይነባ ሰባት ዓመት አምቡላንስ ላይ የሠራች ነርስ ናት። ከጉና ተራራ ሥር ምጥ የጠናባትን ሴት ጎረቤት በቃሬዛ ተሸክሞ መንገድ ዳር ሲያወርዳት፣ ተቀብላ ሆስፒታል የምታደርሳት እሷ ነበረች። ካናዳ ያለው ወንድሟ የመግቢያ ወረቀቱን ሲልክልን «እዚህ ለአምቡላንስ ሰው ይፈልጋሉ» አለን። መፈለጋቸው እውነት ነው። ያልነገረን ነገር ቢኖር፣ የሚፈለገው ሰው አስቀድሞ እንደሚከፍል ነው።

ስለ ብርዱ ብዙ አላወራም። የጉናን ውርጭ የለመደ ሰው ብርድ አይፈራም ብዬ ፎክሬ መጥቼ፣ በሦስተኛው ቀን ጆሮዬን በእጄ ፈልጌ ነው ያገኘሁት። የዚህ አገር ድንችም ውሃ ውሃ ይላል።

የዘይነባን የትምህርት ማስረጃ ለማስተርጎም ከፈልን። የተተረጎመውን ለማስመርመር ከፈልን። ለእንግሊዝኛው ፈተና ከፈልን። ለአምቡላንስ ሥራ ፈቃዱ፣ ላይሰንስ ለሚሉት፣ ደግሞ የጽሑፍና የተግባር ፈተና አለ፤ ክፍያው ለየብቻ ነው። ጽሑፉን አለፈች። ለተግባሩ ስትመዘገብ አብሬያት ሄድኩ፤ ዋጋ የሚነገርበት ቦታ ባለቤቴን ብቻዋን አልልክም። ጸሐፊዋ ዋጋውን ነገረችን።

«የመጨረሻው ስንት ነው?» አልኳት በተሰባበረው እንግሊዝኛዬ።

«የመጨረሻውም እሱ ነው።»

«ባለቤቴ ሰባት ዓመት ሠርታለች። እንደ ጀማሪ ነው የምታስከፍሏት?»

«ለሁሉም እኩል ነው፣ ጌታዬ።»

«ብትደግምስ፣ ሁለተኛው ይቀንሳል?»

«አይቀንስም። እንድትወድቅ አስበዋል?»

ነጋዴ ነኝና የማውቀውን አደረግሁ። «በቃ ተይው» ብዬ የዘይነባን ክንድ ይዤ ወደ በሩ አመራሁ። ደብረ ታቦር ላይ ገዢ ሦስት እርምጃ ሲራመድ «ና እንጂ፣ ምን አስሮጠህ» የማይል ሻጭ የለም። አራት ተራመድኩ። አምስት። ከኋላችን ጸሐፊዋ «ኔክስት» ብላ ቀጣዩን ስትጠራ ሰማሁ። ዘይነባ ክንዷን አስለቅቃ ተመለሰችና ሰልፉ መጨረሻ ላይ ቆመች። እኔም ከጎኗ ቆምኩ። ተራችን ሲደርስ ሙሉውን ከፈልን።

የፈተናው ዕለት ኮሪደር ላይ ስጠብቅ ወጣች።

«ወደቅሁ» አለችኝ።

«ምኑን ሳትሺው?»

«እጄ አልሳተም።»

በሽተኛ መስሎ የተኛው ለዚሁ የሚከፈለው አንድ ሽማግሌ ነበር፤ ጭኑን ቀይ ቀለም ቀብተውታል። ፈታኙ «የምታይውንም የምታደርጊውንም ጮክ ብለሽ ተናገሪ» ብሏታል። እሷ ቁስሉን አሰረች፣ ትንፋሹን ቆጠረች፣ ብርድ ልብስ አለበሰችው። ከአፏ የወጣው ግን «አይዞዎት አባቴ፣ ምንም አልሆኑም» የሚል ነው። ከዚያ ፈታኙን ወደ ጥግ ወስዳ «ብዙ ደም ፈስሷቸዋል፣ እንዳይሰሙ» ብላ ሹክ አለችው።

«በጆሮው?» አልኳት።

«ታዲያ ሰውየው እየሰሙ ልበል?»

«ሰውየው ደህና ናቸው እኮ። ደሙ ቀለም ነው።»

«አውቃለሁ። ዓይን ዓይኔን ሲያዩኝ ግን አልወጣ አለኝ።»

በሰጧት ወረቀት ላይ «ያገኘችውን አልተናገረችም፤ ለበሽተኛው የተሳሳተ መረጃ ሰጥታለች» ይላል። እኛ ዘንድ ደግነት የሆነው እዚህ ጥፋት ሆኖ ተመዘገበ፤ ቅጣቱም ሙሉ ክፍያ ነው። መድገም የሚቻለው አንዴ ብቻ ነው። ዳግም ከወደቀች ኮሌጅ ገብታ ሀ ብላ ትጀምራለች። የድጋሚው ቀን እስኪደርስ የአረጋውያን መኖሪያ ውስጥ ሳህን ታጥባለች። አንድ ቀን አንድ አዛውንት መመገቢያው ወለል ላይ ወደቁ። ፈቃድ የለሽምና እንዳትነኪ ስለተባለች፣ እጇ አረፋ እንደሆነ ቆማ አምቡላንሱን ጠበቀች።

አሁን ከሥራ ስትመለስ ምንጣፉ ላይ በሽተኛ ሆኜ የምተኛላት እኔ ነኝ። «ብዙ ደም ፈስሶሃል፤ የልብ ምትህ ደክሟል፤ ሁኔታህ አስጊ ነው» ትለኛለች ጮክ ብላ። ለእኔ ሲሆን ቃሉ አልከበዳትም፤ እንዲያውም ደስ የሚላት ይመስለኛል።

ባለፈው እሑድ እንዲሁ ተኝቼላት ሳለ እናቷ ከደብረ ታቦር ደወሉ። እኔም እንድሰማ ስፒከሩን ከፈተችው።

«ዘይነብዬ፣ ደህና ናችሁ?»

«ደህና ነን እማ። አንቺስ?»

«አልሐምዱሊላህ። እኔ... ምን እሆናለሁ... ትንሽ ጉንፋን ቢጤ ነው።»

ዘይነባ ስልኩ ላይ ጎንበስ አለች። ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ አየሁ፤ ትንፋሻቸውን እየቆጠረች ነው።

«ዳገት ወጥተሽ ነው?»

«ኧረ ተቀምጬ ነው።»

«እግርሽ አብጧል፣ እማ?»

«ማን ነገረሽ?» አሉ። ቀጠሉና «አላበጠም» አሉ።

ከተኛሁበት ሆኜ ንገሪያቸው ብዬ በእጄ ጠቆምኳት። አፏን ከፈተች።

«አይዞሽ እማ» አለች። «ምንም አይደለም።»

ስልኩን እንደዘጋች እዚያው ያለችው እህቷ ዘንድ ደወለች። «ልቧ ነው የሚመስለኝ። ዛሬውኑ ሆስፒታል ውሰጃት። ለእሷ እንዳትነግሪያት» አለቻት፤ እናቷ ባሕር ማዶ ሆነው የሚሰሟት ይመስል፣ በሹክሹክታ።

የድጋሚ ፈተናዋ ማክሰኞ ነው።