በራህመት ቴሌቪዥን ላይ የቀረው ጥላ

ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ለንስሐ አባቴ ብዙ ኃጢአቴን ዘርዝሬአለሁ፤ እዚህ ላይ ስደርስ ግን በየጊዜው ዘልዬዋለሁ። ረስቼው አይደለም። ስለ አንድ ቴሌቪዥን ቄስ ማድከም ምን ያስፈልጋል እያልኩ ራሴን ሳታልል ኖርኩ። ነገሩ የቴሌቪዥን ብቻ እንዳልሆነ ሁልጊዜም አውቅ ነበር። ነገ ለራህመት ልነግራት ወስኛለሁ። በአፌ ስጀምረው እንዳላሳምረው አስቀድሜ እጽፈዋለሁ።

ራህመት ጎረቤቴ ናት። መቱ ውስጥ አጥር ለአጥር ስንኖር ሃያ ዓመት አልፎናል። ባሏ ሸምሱ በልጅነቱ ከስልጤ አገር መጥቶ ገበያው አጠገብ የሬዲዮና የሪሲቨር ሱቅ የከፈተ ሰው ነው። አራስ ሳለሁ ገንፎዬን ያገነፋችልኝ፣ ልጆቼን ያጠበችልኝ ራህመት ናት። እንዲህ ያለ ጎረቤት ስለሰጠኝ እግዚአብሔርን ዛሬም አመሰግነዋለሁ። እኔስ ለእሷ ምን ሆንኩላት?

ባለቤቴ ተፈራ በመቱና በጎሬ መካከል ሚኒባስ ይነዳ ነበር። ሳይታመም፣ በድንገት አረፈ። በልቅሶው ድንኳን የሚቀመጥ ፎቶ ስንፈልግ ደህና ሆኖ የተገኘው አንድ ብቻ ነበር፤ ልጄ ሰላም በስልኳ ያነሳችው። ጥቁር ኮት ለብሶ፣ በኖራ የተቀባ ነጭ ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል። በትልቁ ለማሳተም ጊዜ አልነበረንም። ራህመት ይህን ሰምታ ባሏን ላከችው። ሸምሱ ከአዲስ አበባ ያስመጣውን ትልቁን ፕላዝማ ቴሌቪዥን ከሳሎኑ አንስቶ፣ በብርድ ልብስ ጠቅልሎ አመጣልኝ። ድንኳኑ ውስጥ ጠረጴዛ ላይ አቁሞ ፎቶውን በፍላሽ ከፈተው።

“እትዬ አስካለ፣” አለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ “ይሄ ዕቃ አንድ ምስል ሲቆምበት አይወድም። ከቆየበት ጥላው ይቀራል። ብርሃኑን ቀንሼዋለሁ። ሰላም ሌሎች ፎቶዎችም ትጨምርበትና እየተቀያየሩ ይለፉ። በመሐል በመሐልም አጥፍታ ታሳርፈው።”

“እሺ ወንድሜ” አልኩት።

ሰላም እንደተባለችው አደረገች። የሠርጋችንን ቀን፣ የልጆቹን ክርስትና፣ አዲስ የታጠበውን ሚኒባስ ጨመረችበት። ተፈራ ይመጣል፣ ጥቂት ይቆያል፣ ይሄዳል። መሄዱን አልቻልኩትም። ሌሎቹን አውጪያቸው አልኳት።

“እማዬ፣ ጋሽ ሸምሱ እኮ…”

“አውጪ አልኩሽ።”

ብርሃኑንም ከፍ አስደረግሁ፤ ዳር የተቀመጡትም እንዲያዩት። ሦስት ቀን ሙሉ አላጠፋሁትም። መቱ ላይ መብራት ሳይጠፋ የሚውልበት ቀን ስንት ነው? በእነዚያ ሦስት ቀናት አንዴም አልጠፋም። እኔም የፈጣሪ ቸርነት ነው ብዬ አመሰገንኩ። ሰው በጥፋቱ መሐል ቆሞም ያመሰግናል።

በሦስተኛው ቀን ሰላም ፍላሹን ነቀለችው። ፎቶው ጠፋ፤ ተፈራ ግን አልሄደም። ባዶው የቴሌቪዥን መስኮት ላይ ዙሪያው ደብዝዞ፣ መሐሉ ላይ ሰፊው ትከሻው ፈካ ብሎ ቀርቷል። የማያውቅ ሰው ልብ አይለውም ነበር። እኔ አየሁት። ደስ አለኝ። ይህን መጻፍ ከሁሉም ይከብደኛል፤ ግን ደስ አለኝ።

ሸምሱ ሊወስደው ሲመጣ ጠየቀኝ። “ሲቀያየር ነበር አይደል፣ እትዬ?”

“አዎ፣ ሰላም ስትቀያይረው ነበር።”

ዋሸሁ። ማን አስገደደኝ? እውነቱን ብነግረው ይቆጣኝ ነበር? አይቆጣም። “ይሁን፣ ዕቃ ነው” ብሎ ያልፈው ነበር። ይህን እያወቅሁ ዋሸሁ። ጥላው በዕቃው ላይ እንዳለ ብናገር ሊያስለቅቁት ይሞክራሉ ብዬ ፈራሁ። እንዲለቅ አልፈለግሁም።

አሁን ስለ ራህመት ልናገር። ጉልበቷ በጣም ያማታል። ሐጅ እንደማትሄድ ከተቀበለችው ቆይታለች። ቴሌቪዥኑ ከመጣ ጀምሮ ግን የመካን ቀጥታ ስርጭት ከፍታ፣ ድምፁን ቀንሳ፣ ሽንኩርትም ስትልጥ ልብስም ስታጥፍ እያየችው ትውል ነበር። ካዕባን የሚዞሩትን ሰዎች እያየች ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። አንድ ቀን “አንቺ በእግርሽ ቤተ ክርስቲያን ትሄጃለሽ፤ እኔ ደግሞ በዓይኔ እሄዳለሁ” ብላ ሳቀችብኝ። ሃይማኖታችን ይለያያል። ጸሎት ያለበትን ፊት ግን አውቃለሁ።

ከልቅሶው በኋላ በየቀኑ ከሰዓት እሷ ቤት መሄድ ጀመርኩ። ብቻዬን ስሆን ሆድ ብሶኝ መስሏት ሻይ ታቀርብልኛለች። እኔ የምሄደው ትከሻውን ለማየት ነበር። ስዕሉ ሲነጣ፣ ለአፍታ ብቅ ይላል።

አንድ እሑድ ሸምሱ ጓደኞቹን ጠርቶ ኳስ ሲያዩ ነገሩ ታወቀ። አረንጓዴው ሜዳ ላይ ጥላው ወጣ። “ሸምሱ፣ ዝናቡ አንተ ሜዳ ላይ ብቻ ሊወርድ ነው እንዴ?” ብለው ቀለዱበት። “ለሰው ሪሲቨር እየሸጠ፣ የራሱ ቴሌቪዥን ደመና ያዘ።” ሰኞ ዕለት ሸምሱ ቶሌራ የሚባለውን ጠጋኝ ጠራው። እኔም እንደ ልማዴ እዚያው ነበርኩ።

ቶሌራ መስኮቱን ነጭ አድርጎ፣ አንገቱን አዘንብሎ አየው። “ኤዬ” አለ፤ አዎ ማለቱ ነው። “ዙሪያው ነጭ፣ መሐሉ ጥቁር የሆነ ምስል ቆሞበታል። ያውም ብዙ ሰዓት። ይሄ በመፍቻ አይድንም።”

“በልቅሶው ጊዜ ይሆን?” አለ ሸምሱ። ወዲያው ራሱን ነቀነቀ። “አይ፣ እትዬ እየቀያየሩ ነው የተጠቀሙበት። ዙሪያው ነጭ፣ መሐሉ ጥቁር…”

ወደ ራህመት ዞረ። እነሱ ያሰቡት ካዕባን ነበር፤ በነጩ አደባባይ መሐል የቆመውን ጥቁሩን ቤት።

“እኔ ነኝ” አለች ራህመት። “ቀኑን ሙሉ ከፍቼ የምተወው እኔ ነኝ።”

“ስንቴ ነገርኩሽ? ሱቅ የሚመጣውን ሁሉ እመክራለሁ፤ የሚሰማኝ የጠፋው ቤቴ ነው።”

የሻዩ ብርጭቆ በእጄ ነበር። ሻዩን ጠጣሁ። የተፈራ ኮት ነው ማለት ስንት ቃል ይፈልጋል? ሦስት ቃል። አልተናገርኩም። ውሸቴ የእኔ መደበቂያ መሆኑ ሳያንስ የራህመት መክሰሻ ሲሆን እያየሁ ሻዬን ጠጣሁ።

ቶሌራ አዘነላት። “አዴ ራህመት፣ አይዞዎት” አላት። አዴ በኦሮምኛ የአክብሮት መጥሪያ ነው። “ብርሃኑን ቀንሱት። የሚንቀሳቀስ፣ ቀለሙ የበዛ፣ መስኮቱን የሚሞላ ነገር ክፈቱበት። የልጆች ካርቱንም ይሁን። ሊለቅ ይችላል፣ ላይለቅም ይችላል። ያን ቆሞ የሚውለውን ግን ተዉት።”

ራህመት ተወችው። ከሰዓት ስሄድ ካርቱን ይሯሯጣል፤ እሷ ጀርባዋን ሰጥታው ሽንኩርቷን ትልጣለች። ጥላው በየሳምንቱ እየሳሳ ሄደ። እሷ አንድም ቀን ቀና ብላ “እየለቀቀ ነው” ብላ አልተደሰተችም። እኔ ነበርኩ በመልቀቁ የማዝነው። ሁለት ሴቶች አንድ ቴሌቪዥን ፊት ተቀምጠን፣ ሁለታችንም አጥተን፣ ያሳጣኋት እኔ መሆኔን የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ።

ጥላው ጨርሶ ሲለቅ ሸምሱ “በቀን አንድ ሰዓት ብትከፍቺው ምንም አይሆንም” አላት። ቁጣው በርዶ ነበር። አልከፈተችም። ለምን እንደሆነ ለእኔ ብቻ ነገረችኝ።

“አስካልዬ፣” አለችኝ፣ “ነገሩ የዕቃው አይደለም። ዓይኔ እያየ እጄ ሽንኩርት ላይ ነበር። እንደ ጌጥ ከፍቼው እውል ነበር። አላህ ቤቱን እንዲህ ማየቴን ባይወድ ነው እድፍ አድርጎ ያሳየኝ።”

ቴሌቪዥኑ ይቅር። ያን ቀን መናገር ነበረብኝ። አንዲት ሴት አምላኬ ፊቱን አዞረብኝ ብላ ስትነግረኝ፣ እንዳላዞረባት በምድር ላይ የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ። አቀርቅሬ “እሱ ያውቃል” አልኳት። እሱማ ያውቃል። እኔም አውቅ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ዓመታት አለፉ። ሸምሱ አሮጌውን ፕላዝማ አውጥቶ ለሰው ሰጠው። ልጃቸው አዲስ ገዛላቸው፤ ይሄኛው በቀላሉ ጥላ አይዝም ይላል። ራህመት አሁንም መካን አትከፍትም። ሌሎች ሲከፍቱት ወደ ጓዳ ትገባለች። ዘንድሮ ደግሞ ዓይኗን ሞራ እየጋረደው ነው። ሰውን በድምፁ መለየት ጀምራለች። ባለፈው ሳምንት በሩ ላይ ቆሜ “ማነሽ?” ስትለኝ፣ ከዚህ በኋላ ብነግራት እንኳ መካን የምታይበት ጊዜ እያለቀ መሆኑን አስተዋልኩ።

ሐዘን ላይ ነበርኩ አልልም። ሐዘኑ ሦስት ቀን ምስሉን እንዳቆም አደረገኝ እንበል፤ እነዚህን ሁሉ ዓመታት ዝም ያሰኘኝ ግን ሐዘን አይደለም። እሷ ዘንድ የነበረኝ ቦታ እንዳይጎድልብኝ ነው። ደግ ጎረቤት፣ ጸሎተኛ ሴት መባሉን ወደድኩ። ስጾም ነበር፣ ስሰግድ ነበር፤ የጎረቤቴን ጸሎት ወስጄ አስቀምጬ ነበር የምጸልየው።

ነገ ከሰዓት እሄዳለሁ። አውቃታለሁ፤ ይቅር በይኝ ካልኳት ቃሉን ሳልጨርስ ይቅር ትለኛለች። ስለዚህ በእሱ አልጀምርም። ይቅርታ የሚጠቅመው እኔን ነው። መጀመሪያ አጠገቧ ተቀምጬ፣ እጇን ይዤ፣ ያ ጥላ የተፈራ ኮት እንደነበረ፣ እኔ እያወቅሁ እንዳቆምኩት፣ ለባሏም እንደዋሸሁ እነግራታለሁ። ቀጥዬም፣ ራህመት፣ አላህ አንድም ቀን አልተቆጣብሽም ነበር እላታለሁ።