መስመሮቹ እንዲቆሙላት

ተራ የሥራ ቀን እንኳ ለዚህች የሕፃናት ክፍል ነርስ ርካሽ አይደለም። ረፋድ ላይ ራስ ምታት ያስከፍላታል፤ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ዓይኗን ደም አስመስሎ ይለቃታል። ልጄ ታማ በተኛችበት ክፍል ሆኜ ሳያት ሰነበትኩ። ጋውኗ ንጹሕ ነው፤ የቀኝ እጅጌዋ ጫፍ ብቻ ዓይን ከማሸት ብዛት ሳስቷል። መነጽሯን ታወልቃለች፣ ዓይኗን ታሻለች፣ መልሳ ታደርጋለች።

መድኃኒት ስትቀዳ ሲሪንጁን እንደ ሌሎቹ አቁማ አታነበውም፤ ታጋድመዋለች።

«ምነው እህቴ፣ ሲሪንጁን እንቅልፍ ያዘው እንዴ?» አልኳት ለቀልድ።

ሳቀች። «አስቲግማቲዝም ነው የኔ እናት። የዓይኔ ፊት እንደ ኳስ ክብ መሆን ሲገባው እንደ እንቁላል ሞላላ ሆኗል። ሲፈጥረኝም ትንሽ ነበረብኝ፤ ባሳከከኝ ቁጥር እያሸሁ ደግሞ አባስኩት። የተጋደመ መስመር ይደራረብብኛል፣ የቆመው ይሻላል። ሲሪንጁን ሳጋድመው መስመሮቹ ይቆሙልኛል።»

«መነጽሩስ?»

«የዓይኔ ቅርጽ መለወጡን አልተወም፤ መነጽሩ አይደርስበትም።» ወደ በሩ አየችና ድምጿን ቀነሰች። «አለቃችን አያውቁም። ከሰሙ ከመርፌ ሥራ ያስነሱኛል።»

ዛሬ ግን ማጋደሙም አልሠራላትም። አንዱን ዓይኗን ጨፈነች፤ ሲሪንጁን አዞረች፣ እንደገና አዞረች። ልጄ እጇን ዘርግታ ትጠብቃለች። ነርሷ በሩን ገርበብ አደረገችና ሲሪንጁን ወደ እኔ ዘረጋችው።

«እባክሽ እህቴ፣ የቱ መስመር ላይ እንደደረሰ አንቺ አንብቢልኝ።»