ደረቴን ያልኩ ጊዜ

ተኩሱ ሰፈራችን የደረሰ ዕለት፣ አመሻሹ ላይ፣ ልጄን አዝዬ ከቤት ወጣሁ። ታናሽ እህቴ ጥሩዬ «እማዬን ማን ይጦራታል?» ብላ ቀረች። እኔ በመተማ በኩል ተሻግሬ ሱዳን፣ ገዳሪፍ ገባሁ። ሙቀቱ ከመተማም ይብሳል፤ ኪስራቸው እንጀራ ይመስላል፣ ሲቀምሱት ግን ወረቀት ነው። እሱንም ለመድኩት።

ያልለመድኩት የጡቴን ሕመም ነው። ሰሊጥ አጨዳ ላይ እያለሁ ጀመረኝ። ሁለቱም ይከብዱኛል፣ ልብስ ሲነካቸው ያመኛል፤ ከዚያ ደግሞ ይተወኛል። አክስቴ የሞተችው በጡት በሽታ ነውና፣ ልጄን በሰው አገር ለማን ልተዋት ነው እያልኩ እንቅልፍ አጣሁ።

ዓረብኛዬ ከ«መፊ»፣ ማለትም ከ«የለም» አያልፍም ነበር። ስለዚህ ጎረቤቴ ጋሽ ይመር ክሊኒክ ወሰዱኝ። አባቴ የሚሆኑ ሰው ፊት እንዴት ጡቴን እላለሁ? «ደረቴን ያመኛል» አልኩ። እሳቸውም ደረቷን ብለው ተረጎሙ።

«ሳል አለ?» አለ ዶክተሩ።

«መፊ።»

«አክታስ?»

«መፊ!»

የሳል ሽሮፕ ጻፈልኝ። በወሩ ተመልሼ አሁንም ደረቴን አልኩ፤ ራጅ አነሱኝ።

«ሳንባሽ የፈረስ ነው፣ ደስ ይበልሽ» አሉኝ ጋሽ ይመር። በገዛ አፌ ተቃጠልኩ።

በመጨረሻ ሐዋ ዘንድ ሄድኩ። እዚሁ የተወለደች የሐበሻ ልጅ ናት፣ አዋላጅ።

«ያ ኡኽቲ፣ እህቴ፣ ደረት ሌላ፣ ጡት ሌላ!» ብላ ተቆጣችኝና ዳሰሰችኝ። «የወር አበባሽ ሊመጣ ሲል ይብስብሻል? ሲመጣ ይተውሻል?»

«አዎ።»

«ኸላስ፣ በቃ፣ እሱ ከወር አበባ ጋር የሚመላለስ ነው፣ ክፉ አይደለም። ነዶ ስትሸከሚም ጡንቻሽ ተስቦ ጡትሽን ያመመሽ ይመስልሻል። የምታጠባ ሴት ጡቷ ቀልቶ ካተኮሳት ግን ቶሎ ትታከም። ዋናው የሚያስፈራው እብጠት ነው፤ እሱ ደግሞ ብዙ ጊዜ አያምም። ባያምምም መታየት አለበት።»

ደስም አለኝ፣ ተናደድኩም። ስንት ወር ሙሉ በአንዲት ቃል!

በማግስቱ ኔትወርክ ሲገኝ ከእህል ገበያው መሀል ለጥሩዬ ደወልኩ። የሽሮፑን ነገር ስነግራት ሳቀች፣ ሳቀች።

«እኔም ደረቴ ላይ ሽንብራ የምታክል ነገር አለች» አለችኝ። «ግን አታመኝም፣ አትስጊ።»

«የት ላይ?»

«ደረቴ ላይ አልኩሽ እኮ።»

«ጡት በይ ጥሩዬ! ሐኪም ቤት ሂጂና ጡቴን በይ!» ብዬ ጮህኩ። የማሽላ ነጋዴዎቹ ዞረው አዩኝ። ደግነቱ አማርኛ አይሰሙም፤ ቢሰሙስ!

«ኧረ እፈሪ፣ ሰው ይሰማሻል» አለችኝ። መስመሩ ተቋረጠ።

ይኸው ዛሬ አምስተኛ ቀኔ ነው፣ ጠዋት ማታ እደውላለሁ። አይነሳም።