ሰም የጠጣች ጣውላ

ባለፈው ሰሞን የልጄ ልጅ ፈቲያ ከሮቤ መጥታ፣ «አኮ፣ እስቲ ይህንን ይዩ» ብላ ስልኳን አፍንጫዬ ሥር አመጣችው፤ እኔን አያቷን «አኮ» ነው የምትለኝ። አንድ ፈረንጅ በበረዶ ላይ የሚንሸራተቱበትን ረጅም ጣውላ ገልብጦ፣ ሰም እያንጠባጠበ በካውያ ይተኩሰዋል። ልጅቷ ጣውላ በካውያ ሲተኮስ አይቼ አላውቅም እያለች ትስቃለች። ምኑ ያስቃል? እኔ ይህንን ሥራ በልጅነቴ፣ እዚሁ ጎባ፣ በአባቴ የከሰል ካውያ ሠርቼዋለሁ። ጉራ ነው የሚለኝ ካለም ይበል፣ ግድ የለኝም።

በእኛ ጊዜ ነሐሴ ላይ፣ ሣሩ ዝናብ ጠግቦ ሲያሟልጭ፣ የጎባና የሮቤ ወጣቶች ከከተማችን በላይ ካለው ተረተር በጣውላ እየተንሸራተቱ ይወዳደሩ ነበር። አንዱ ከጎባ፣ አንዱ ከሮቤ እየተጣመሩ፣ ጣውላቸው ላይ ተቀምጠው ይወርዳሉ። አንዱን ዓመት፣ ታላቅ ወንድሜ ከድር ጥሩ ሲወርድ ቆይቶ፣ መሃል ላይ ጣውላዋ ቀጥ አለችበት። የሮቤ ልጆች እዚያው «ችካሉ» ብለው ስም አወጡለት። ጎባ ደግሞ ስም ከወጣብህ አለቀልህ፤ ገበያው፣ የመስጊዱ በር፣ መናኸሪያው ሁሉ «ችካሉ መጣ» ሆነ። ልናጭለት ባሰብናት ልጅ ቤት እንኳ ተሰማ። ወንድሜ ከቤት መውጣት ጠላ። የሚቀጥለው ነሐሴ ሲደርስ፣ ዘንድሮም ከቆምኩ አጋርፋ አጎቴ ዘንድ ሄጄ እቀራለሁ፣ ጎባ ሁለተኛ አታየኝም አለ። ከድር ደግሞ የተናገረውን አያጥፍም።

ጣውላዋን ተቀበልኩት። ሌላው ሰው ሞራ ወይም ሳሙና ነበር የሚቀባው፤ ሁለቱም ግማሽ መንገድ ሳይደርሱ ሣሩ ላይ ያልቃሉ። አባቴ ልብስ ሰፊ ስለነበር፣ ክር ሰም ሲነካ እንዴት ሰተት ብሎ እንደሚገባ እያየሁ ነው ያደግኩት። አንገቱ ከሚባለው አገር ማር ከሚያመጣ ነጋዴ ሰፈፍ ለመንኩና በካውያ አቅልጬ አለበስኳት። ከድር ሞከራት። ይባስ ብላ ገና ከመነሻዋ ቆመች። ገልብጬ ባያት ሣር በሣር ሆናለች። በጣቴ ነክቼ ቀመስኩት፤ ይጣፍጣል። ለካ ማሩ ከሰፈፉ አልወጣም ነበር።

ከድር ገብቶ ልብሱን መጠቅለል ጀመረ። ሰፈፉን በውሃ አፍልቼ፣ በሻሽ አጥልዬ፣ ብርዱ ላይ አስቀመጥኩት። ማሩ ከውሃው ጋር ቀረ፣ ንጹሑ ሰም ከላይ ረጋ። የጣውላዋን የፊት ጠርዝ ሣር እንዳይቆፍር በሞረድ አለዘብኩት፣ ሆዷን በብርጭቆ ወረቀት አለሰለስኩ። አባቴን ካውያውን እንደገና ስለምነው፣ የሰው ሱሪ ላይ ሰም ካገኘሁ አንቺን ነው የምተኩሰው አለና ፍም ጨመረልኝ። ሙቀቱ ሲገባላት ጣውላዋ ሰሙን ትጠጣው ጀመር። ቤቱ ማር ማር ሸተተ፤ እናቴ ያቀረበችልኝን በቅቤ የታሸ የገብስ ጩኮ እንኳ ሳልነካው ቀረሁ።

ሲቀዘቅዝ ቢላዋ አንስቼ ሰሙን መፋቅ ያዝኩ። ከድር ክው አለ።

«ዘይነባ፣ አበድሽ እንዴ? ያን ሁሉ ሰም ልትጥዪው ነው?»

«አባባ ክሩን ሰም ካስነካ በኋላ በጥፍሩ የሚጠርገው ለምን ይመስልሃል? ከላይ የተረፈው ሣር ይይዛል። የሚሠራው የጠጣችው ነው።»

«ብቆምስ?»

«ከቆምክ አጋርፋ አብሬህ እሄዳለሁ» አልኩት። የምሬን ነበር። ፍቄ ስጨርስ እስክታበራ ድረስ በጆንያ ወለወልኳት።

በውድድሩ ቀን ከሳነቴ ከፍታ የወረደ ጉም ተረተሩን ሸፍኖት ነበር። ከድር ከአንድ ቁመተ ረጅም የሮቤ ልጅ ጋር ተጣመረ። ተለቀቁ። ባለፈው ዓመት የቆመባት ቦታ ሲደርስ የሚሰማው የሣሩ ሽው ሽውታ ብቻ ነበር። አለፋት። የሮቤው ልጅ ሞራው አልቆበት በእጁ መሬት ሲገፋ፣ የእኔ ጣውላ ግን ታች ደርሳም አልበቃት ብሎ የሰው ገብስ ውስጥ ገባች። ባለገብሱ ሲቆጣ ማን ሰምቶት! ከላይ አንዱ «ከድር!» ብሎ ጮኸ፤ ከዚያ ተረተሩ በሙሉ «ከድር! ከድር!» አለ። እኔ እንደ ሕፃን አለቀስኩ።

የፈረንጁን ነገር ካየሁ በኋላ ለከድር ደወልኩለት። አሁን ገሰራ ከተማ እህል ይነግዳል፣ ጉልበቱ አልታዘዝ ብሎታል። በካውያ የሚተኩስ ሰው አየሁ ስለው ረጅም ሳቅ ሳቀ።

«ስሚ ዘይነባ፣ ነግሬሽ አላውቅም» አለኝ። «እስከ ዛሬ ሰው ከድር ብሎ ሲጠራኝ ያቺ ሰም የምትፍቂባት እጅሽ ትመጣብኛለች።»

ሌላ ሴት ብትሆን ኧረ እኔ ምን አደረግኩ ትል ይሆናል። እኔ ግን ሰው የለፋበትን ሲያመሰግኑት ለምን እንደሚክድ ገብቶኝ አያውቅም። «አዎ፣ እኔ ነኝ» አልኩት።