እንደ ፈንዲሻ የቀለለ ድንጋይ

በጃንሆይ ዘመን በአህያ ዕቃ አጓጉዝ ነበር። አንድ ቀን ፒያሳ ላይ ጆንያዎች ጫኑልኝና «ድንጋይ ነው፤ ትክል ድንጋይ ከተማ ለሚሠራው ትምህርት ቤት አድርስ» አሉኝ።

መንገድ ላይ ያጋደለ ጆንያ ላቃና ባነሳው እንደ ገለባ ቀለለኝ። ፈትቼ ባየው እንደ ፈንዲሻ የነጣ ነገር ነው! ድንጋዩን የለወጡብኝ መሰለኝ። «ሌባ ተብዬ መታሰሬ ነው» ብዬ ከወንዝ ጠጠር እያፈስኩ በየጆንያው ጨመርኩበት። አህዮቼ እያቃሰቱ ደረስን።

ግንበኛው አያ ታከለ አንዱን ጆንያ ሊያወርዱ ሲሉ ወገባቸውን ያዙ።

«ምነው! ፐርላይት እኮ በእሳት የፈነዳ ድንጋይ ነው፤ ለጣሪያው ያዘዝነው ስለሚቀል ነው። ይህን ጠጠር ማን ጨመረው?»

እያላበኝ ተናዘዝኩ። አያ ታከለ ጠጠሩን የሚለዩበት ወንፊት አስመጡ።

«ለወለሉ ጠጠር የሚያመጣ አጥተን ሥራ ከፈታን ሦስት ቀናችን ነው። ነገም አምጣልን፤ ፐርላይቱ ውስጥ ግን አትጨምረው።»